የወይዘሮ ቤክተል ምድር ቤት

ማርሊን ቤቱ እንከን እንደሌለበት ገና ከበሩ ስትገባ አወቀችው፤ እንከን ፍለጋም ጀመረች።

ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ይገባል። ደረጃው መደገፊያ አለው። የአራት ዓመቷ ኬሲ እየሮጠች ጓሮ ገባች፤ አጥሩም ከቁመቷ በላይ ነው። ማርሊን በጀርመኗ ካይዘርስላውተርን ከተማ ዙሪያ ካሉት መንደሮች ያልዞረችበት የለም። አንዱን ቤት ባቡር ይጮህበታል ብላ መለሰችው። ሌላውን ደግሞ ወጥ ቤቱ ባዶ ግድግዳ ነው አለች፤ እዚያ አገር ተከራይ ምድጃውን ይዞ እንደሚገባ እያወቀች።

"ምድር ቤቱስ?" አለች።

አከራይዋ ወይዘሮ ቤክተል ይዘዋት ወረዱ። ድንቹ በሳጥን፣ ጠርሙሱ በመደርደሪያ ተሰድሯል። ማርሊን አፍንጫዋን ሰበሰበች።

"ሻጋታ ይሸታል።"

የአሮጊቷ ፊት ቀላ። "የኔ ምድር ቤት? ቅዳሜ ቅዳሜ በእጄ የማጥበው?"

"ልጄ ደረቷ ደካማ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ኬሲ ከተወለደች አስላ አታውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሏ ሳጅን ዌድ ከአሜሪካ ተዛውሮ ሲመጣ ጓዶቹ ለግዳጅ ወደ ምሥራቅ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። አዛዡ ግን ቤተሰቡ ቤት ያላገኘ ወታደር አይሄድም አሉ። ቤት እስኪገኝ በጦር ሰፈሩ እንግዳ ማረፊያ ይቀመጣሉ፤ መንግሥትም እየፈለጉ እስካላገኙ ድረስ የክፍሉንና የምግቡን አበል ይከፍላል። ማርሊን ትፈልጋለች፤ አታገኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ ይዘው የቆሙ መኮንኖች የሚታዩዋት ሴት ናት።

በዌድ ፈንታ ማን እንደሄደም ታውቃለች። የዮላንዳ ባል ኤፍራይን ነው፤ የሚመለሰውም ዌድ ሲተካው ነው። ዮላንዳ ደግሞ አዲስ የመጡ ቤተሰቦችን ከአገሩ እንድታለማምድ ተመድባ፣ ወሯ የገባ ሆዷን ከመሪው ጋር እያጋፋች ቤት ለቤት የምታዞራት እሷው ናት።

"እሺ፣ ይሄኛውስ ምን ጎደለው?" አለች ዮላንዳ፣ ማርሊንና ኬሲ መኪናው ውስጥ ሲገቡ።

"ሻጋታ።"

"ኧረ ባክሽ! እነዚህ ሰዎች ድንጋይ በሳሙና የሚያጥቡ ናቸው እኮ! ሻጋታው ራሱ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚበቅለው።" ሳቀች። ሞተሩን አስነሥታ መንገድ ጀመሩ። "አይዞሽ እህቴ፣ ሌላ እናያለን። ኤፍራይን ትናንት ደውሎ 'ማርሊንን አታጣድፊያት፤ ቤት ጠፍቶ እንጂ የሷ ጥፋት አይደለም' አለኝ።"

ማርሊን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ከመንደሩ ሳይወጡ ዮላንዳ መኪናውን ዳር አስይዛ ዓይኗን ጨፈነች። በአፏ በረጅሙ ተነፈሰች።

"መጣ እንዴ?" አለች ማርሊን ደንግጣ።

"የውሸት ምጥ ነው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። እናቴ ከፖርቶ ሪኮ ልትመጣ ነበር፣ እግሯ ተሰበረ። እና... ብቻዬን ነኝ፤ ምን ላድርግ።"

ማርሊን እስከዛሬ ክፉ ነገር ሁሉ ወደ ራሷ ደጅ ሲመጣ ነበር የሚታያት። አሁን ዮላንዳ ደጅ ላይ ቆሞ አየችው፤ መንገዱን ያሳየችውም ራሷ ማርሊን ናት።

"መልሺኝ" አለች።

ወይዘሮ ቤክተል በሩን ከፈቱ። ዮላንዳ ኬሲን በእጇ ይዛ ከኋላ ደረሰች።

"ምን ረሳሽ?"

"ዋሽቻለሁ። ምድር ቤትዎ አይሸትም። የልጄም ደረት ደህና ነው።" ማርሊን ዞር ለማለት አልደፈረችም። "ሁሉም ቤት ደህና ነበር። ቤት ከተገኘ ባሌ ይሄዳል ብዬ ነው።"

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ባልን ለማስቀረት የሰው ምድር ቤት ይታማል?" አሉ። ቆይተው ግን "ግቢና ቁልፉን ውሰጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምታጥቢው ግን አንቺ ነሽ" አሏት።

ማርሊን እዚያው በረንዳ ላይ ለዌድ ደወለች።

"ቤት ተገኘ።"

"ተመስገን!" አለ ዌድ። "ኤፍራይን ለልጁ ይደርሳል ማለት ነው። አሁኑኑ ለአዛዡ ልንገራቸው።" ስለ ራሱ ግን አንድም ቃል አላነሣም።

ስልኩን ዘግታ ዞረች። ዮላንዳ የኬሲን እጅ ለቃ ቆማለች፤ የሳቅ ምልክት ፊቷ ላይ የለም።

"በዚህ ሆዴ አዞርኩሽ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ዝም በይ፤ አታውቂም። ልጁ አባቱን ከቀደመ አዋላጆቹ ጋ አብረሽኝ ገብተሽ እጄን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ይቅር ብዬሽ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።"

"እገባለሁ።"

"ስልክሽን አትዝጊ" አለች ዮላንዳ፣ ወደ መኪናው እያዘገመች። ማርሊን ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ ዮላንዳ አልያዘችውም።