የመሙያዋ ጥፋት

«ይሄን ቆርኪ ማን ነው የገጠመባት?» አለ የሟች ታናሽ ወንድም።

የወርቋን ሰዓት በማሰሪያዋ አንጠልጥሎ አጠገቡ ለተቀመጠው እንግዳ አሳየ። እንግዳው አገላብጦ አይቶ ለሚቀጥለው አቀበለ። ሰዓቲቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ ቡና የያዘው ስኒውን እያስቀመጠ፣ መነጽር ያለው መነጽሩን እየፈለገ፣ ጎኗ ላይ የተሰካውን ወፍራም መሙያ ተመልክቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«እንደ ሳንቲም ስስ የሆነች ዕቃ» አለ ወንድምየው። «ወንድሜ ይሄን እንዴት ዝም ብሎ አየ? እሱ እኮ የወንበር እግር ቢያጥርበት ምሳ የማይበላ ሰው ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰዓት ሠሪ ሰዓቲቱ እሱ ዘንድ እስክትደርስ አልጠበቀም። «እኔ ነኝ የገጠምኩት» አለ።

የሟች ሚስት ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን ወደ ምንጣፉ መለሰች። ወንድምየው አፈር አለ።

«ሥራህን ለመንቀፍ አይደለም። ግን ሲያዩዋት ታስታውቃለች። የድሮዋን ብትመልስላት ምን አለበት?»

«ታስታውቃለች» አለ ሰዓት ሠሪው። ሐዘኑ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ሚሊሜትር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ድልድይ ነዳፊ ነበር። ማስመሪያ ሳይነካ የሚያሰምረው መስመር በማስመሪያ ቢለኩት አይዛነፍም። ሰው ቤት ገብቶ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ሳያቃና አይቀመጥም። በሠርጉ ዕለት ኬኩን ሲቆርስ ቁራሾቹ እኩል እስኪሆኑ እንግዳው ሁሉ ሰሐን ይዞ ቆሞ ቀረ ይባላል። ትልቁ ድልድይ ሲመረቅ መሥሪያ ቤቱ ይቺን ሰዓት ሸለመው። ባትሪ የላትም፤ በየጠዋቱ መሙያዋን በሁለት ጣት ይዘው ካላዞሩላት ትቆማለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ከታጠበ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው እሷን መሙላት ነበር።

ሰኞ ሰኞ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ብቅ ይላል። ሱቋ ከባለቤቷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ሬዲዮው ሰዓት ሲናገር አብረው ያዳምጡና ይነታረካሉ።

«አራት ሴኮንድ ትቀድማለች» ይላል ሰዓት ሠሪው።

«ሬዲዮህ ነው ያረጀው። ከአንተ ጋር ውሎ ምን ይሁን።»

ይስቃሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንዱ ለሌላው «ጨነቀኝ» ብሎት አያውቅም። ጨዋታቸው ስለ ሴኮንድ ነው፤ ከሴኮንድ አልፎ አይሄድም።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንዱ ሰኞ ሚሊሜትር ሰዓቲቱን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «መሙያዋ ጠንክራብኛለች። አልዞር እያለች አስቸገረችኝ።»

ሰዓት ሠሪው በአጉሊ መነጽሩ አያት። እውነትም የመሙያዋ ጥርሶች በዘመን ብዛት ተልገው ጣት ያሟልጩ ነበር። ከሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ጎማም ደርቃለች። አዲስ መሙያ አስመጥቶ ገጠመላት፣ ጎማዋን ለወጠ፣ ዘይት ነካ አደረጋት። በትንሽ ጣት ገፋ ቢያደርጓት የምትዞር ሆነች።

በሦስተኛው ወር ሚሊሜትር ተመለሰ። «አሁንም ያው ናት።»

ሰዓት ሠሪው መሙያዋን ይዞ ሞከራት፤ ዞረች። ደግሞ አዞራት፤ ምንም የያዛት ነገር የለም። «አንተ ሰውዬ፣ እርጅና ነው» ሊለው አፉን እንደከፈተ ባንኮኒው ላይ ያረፈውን የጓደኛውን ቀኝ እጅ አየ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። ቆዳው ሥር አንድ ነገር ቀስ እያለ፣ ባለቤቱ ሳያዘው፣ ይርገበገባል።

ሰዓት ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ሲያይ የኖረ ሰው ነው። አየ። ሚሊሜትርም ማየቱን አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ጥፋቱ የመሙያዋ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «ያሳነስኳት እኔ ነኝ። ሰፋ ያለች፣ ጥርሷ ጠለቅ ያለ አመጣልሃለሁ።»

«እኔም የመሰለኝ እሱ ነው» አለ ሚሊሜትር።

ሰፊዋ መሙያ መጥታ ስትገጠም ለዓይን ታስጠላ ነበር። በሰው ቤት የተንጋደደ ፎቶ የማያስቀምጠው ሚሊሜትር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መሙያዋን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንጓ ቆንጥጦ አራት ጊዜ አዞራት። ግንባሩ ላብ አወጣ።

«አየህ፣ አሁን ትታዘዛለች» አለ።

ከዚያ በኋላ የሰኞው መንገድ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። ሰዓት ሠሪው አንድ ቀን ሊጠይቀው ቤቱ ቢሄድ፣ ልጁ በማንኪያ ስታጎርሰው ደረሰ። ስለ ዝናብ አወሩ። ሥራ አለብኝ ብሎ የቀረበለትን ቡና ሳይጨርስ ወጣ። ሁለተኛ አልሄደም። ዛሬ ነገ ሲል መርዶው ቀደመው።

በሦስተኛው የሐዘን ቀን ሲመጣ ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ።

«ዓመት ሙሉ ሐኪም ሳያየው ቆየ አሉ።»

«ድካም ነው ብሎ ነዋ። ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ…»

አንደኛዋ ሰዓት ሠሪውን አይታ ሌላይቱን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሰው መጣ ማለቷ ነበር እንጂ ስለ እሱ አልነበረም። እሱ ግን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ። ሚስትየው፣ ዘመዶቿ «ኧረ አንቺ ተቀመጪ» እያሏት፣ ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሰዓት ሠሪው ተከተላት።

«ምነው ወንድምዓለም፣ ቡና ልጨምርልህ?»

«አይ፣ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።» በሩን ገርበብ አደረገው። «እኔ አውቅ ነበር። መሙያዋ ምንም አልሆነችም፤ የደከመው እጁ ነው። ገና ሳይብስበት በዓይኔ አይቼ፣ ጥፋቱ የመሙያዋ ነው አልኩት። ያን ጊዜ ሂድና ታከም ብለው ኖሮ…»

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትጮህበት በወደደ። እሷ ግን የያዘችውን ስኒ አጥባ ደፋችና ሌላ አነሳች።

«ሸሚዞቹን አላየህም?» አለችው።

«የምን ሸሚዝ?»

«የቁልፍ ቀዳዳቸውን በምላጭ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ዳር ዳሩን ዘመዘምኩት። እሱ ሳይኖር፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም። ሲለብስ “ይሄ ሸሚዝ እየላላ መጣ” ይለኛል። “ሳሙናው ነው” እለዋለሁ።» እጇን በጨርቅ አደራረቀች። «ልጁ ደግሞ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛችለት። አባዬ፣ ፋሽኑ እኮ ይሄ ነው አለችው። እሱ መቼ ፋሽን ተከትሎ ያውቃል? ዝም ብሎ አደረገው። ቤቱ በሙሉ እንዳንተው ነበር።»

«ታዲያ ማናችንም ለምን…»

«እኔንጃ። እሱ ካልተናገረ እኛ ከየት እንጀምር?» አለች። «መጨረሻ ላይ ደረጃው ላይ ሲወድቅ ነው የወሰድነው። እኔም እንዳንተ ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ቀድመን ብንመጣስ አልኩት። በመጀመሪያው ቀን ብትመጡም መድኃኒት የለውም አለኝ። ከእጅ ይጀምራል፣ ወደ እግር ይወርዳል፣ ከዚያ ትንፋሽ። የሚመልሰው የለም አለኝ።»

ሰዓት ሠሪው እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ሸክሙ የሚቀልለት ይመስለው ነበር። አልቀለለውም። ተሸክሞት የከረመው ጥፋት ቢያንስ የራሱ ነበር፤ ቢናገር ኖሮ ጓደኛውን ያተርፈው ነበር ማለት ነበር። አሁን እሱንም ተቀማ። ቢናገርም ባይናገርም ሚሊሜትር ያው ይሞት ነበር።

«መጥቼ አብሬው መቀመጥ ግን እችል ነበር» አለ።

«እሱን ትችል ነበር» አለች። ልታጽናናው ብላ አልዋሸችም።

«ይጠብቀኝ ነበር?»

እጇን ያደራረቀችበትን ጨርቅ አጣጠፈች። «ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጢሜን ላጩኝ ይላል። በሌላው ቀን ብንለምነውም እሺ አይል።»

ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን ተደገፈ። እሷ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

«ሰዓቲቱን እንዳትነካት» አለችው። «ወንድሙ የሚለውን አትስማ። እንዳለች ትሁን።»

እሺ በማለት ራሱን ነቀነቀ። ከቧንቧው ውኃ ቀድታ ሰጠችው። እጁ ጤነኛ ነው፤ ፀጉር የሚያህል ብሎን ሳይጥል የሚያነሳ እጅ ነው። እሷ ግን ሲቀበላት ብርጭቆውን አልለቀቀችውም። በአንድ እጇ ከሥሩ ደግፋ፣ በሌላው የእጅ መጥረጊያውን ጨርቅ አገጩ ሥር ይዛ፣ ትን እንዳይለው ቀስ አድርጋ ወደ አፉ አዘነበለችው። ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀችው ውኃው ሲጋመስ ነው። እጇ ባለበት ቆመ።

እሱ ጣቶቹን ከብርጭቆው ላይ አነሳና እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። እሷም እንደገና አዘነበለችለት፤ ጠጣ።