በገዛ ፈቃዷ

ኮማኒ ከተማ ውስጥ እማማ ማራዴቤን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ ድምፃቸውን ሳይሰማ አልቀረም። የጎረቤት ዶሮ ግቢያቸው ሲገባ፣ ታክሲ ሲዘገይ፣ ቄሱ ስብከት ሲያስረዝሙ ያ ድምፅ ከነሙሉ ኃይሉ ይወጣል። አንድያ ልጃቸው ሉንዲ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ግን ቤታቸው ውስጥ ድምፁ ዝግ ብሏል። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሳቸውና የሉንዲ ሚስት ዙኪስዋ። እንደ አገሩ ወግ «ማኮቲ» ይሏታል። ወደ ቤቱ የገባች ሙሽራ ማለት ነው፤ ሙሽራይቱ ብትሸብትም ስሙ አይለቃትም።

ዙኪስዋ ከል ለብሳለች። ቀሚሷም፣ ሻርፗም፣ የራሷም ጨርቅ ጥቁር ነው። ያለበሷት ማራዴቤና የቤተሰቡ ታላላቅ ሴቶች ናቸው፤ ብርዱ አልፎ የኮክ ዛፉ ሲያብብ አጥበው፣ አዲስ ልብስ አልብሰው ከሉን የሚያወጡላትም እነሱው ናቸው። እስከዚያው ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ታክሲ ውስጥ ኋላ ትቀመጣለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች፣ ከታላቅ ጋር አትከራከርም። ይህን ሁሉ አንዲት ሳታጎድል ጠብቃለች። ሥራዋን ያጣችውም በዚሁ ነው።

የምትሠራው መሀል ከተማ ካለ ዳቦ ቤት፣ ደንበኛ በሚስተናገድበት ባንኮኒ ነበር። አንድ ጠዋት የሠራተኞቹ አለቃ ኖንትሌ ወደ ጓዳ ጠራቻትና ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ «ሰው ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ያንን ነገር እስክታወልቂ ቤትሽ ሁኚ» አለቻት። ዙኪስዋ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ «እሺ እማማ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ሽርጧን አጣጥፋ አስረከበችና ወጣች። ማኮቲ ታላቅ ሲቆጣት አመሰግናለሁ ነው የምትለው፤ ሌላ መልስ አላስተማሯትም። የዳቦ ቤቱ ሰዎችም «ለቀቀች» ብለው መዘገቡ።

ከደመወዟ በየወሩ፣ ሥራ ላጣ ሠራተኛ የሚከፈል መዋጮ ሲቆረጥ ኖሯል። አሁን ያንን ብታገኝ ከሉ እስኪወጣ ሁለቱም ከነሐዘናቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰነብታሉ። ባታገኝ ደግሞ ወንድሟ ሲሴሎ ኬፕ ታውን የሰው ቤት ሥራ አግኝቶላታል። እዚያው እያደረች ነው የምትሠራው። «እዚህ ስለ ከል የሚጠይቅሽ የለም፣ አውልቂውና ነዪ» ይላታል በስልክ። እሷ ከሄደች ማራዴቤ የሚያወሩት ከግድግዳ ጋር ነው። ይህንን ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አያነሱትም።

ይህን ገንዘብ ወደሚከፍለው ቢሮ የሄዱት አብረው ነው። ከል የለበሰች ሴት በሰው ፊት ብዙ ስለማትናገር ታላቅ ሰው ይናገርላታል፤ ለመናገር ደግሞ ከማራዴቤ የተሻለ ከየት ይመጣል! ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት ተሰልፈው፣ ወረፋቸው ሲደርስ ከመስታወቱ ኋላ አንድ ለስላሳ ወጣት አገኙ።

«እህቴ፣ አባረውሽ ነው ወይስ ለቀሽ?» አላት።

ዙኪስዋ ዓይኗን ሰበረች። ማራዴቤ ወደ መስታወቱ ቀረቡ።

«ማን ነው የሚያባርራት? የኔን ልጅ ሚስት? ስማ አንተ ልጅ፣ ከማራዴቤ ቤት ሰው አይባረርም! እጇ ወርቅ ነው፣ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። በገዛ ፈቃዷ ነው የወጣችው፣ በገዛ ፈቃዷ!»

ከኋላቸው የቆመች ወፍራም ሴት ራሷን ያዘች። «ኧረ እማማ! አፍዎን ይያዙ እንጂ! ልጅቷን ጉድ ሠሯት እኮ!»

«ምን አልኩ?» አሉ ማራዴቤ።

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ በእውነት አዝኖ ነገራቸው። በገዛ ፈቃዱ ለለቀቀ ሰው አይከፈልም። ወደው ካልወጡ ግን፣ አሠሪ ገፍቶ ካስወጣ፣ የአሠሪና የሠራተኛ ክርክር የሚታይበት ቢሮ አለ፤ እዚያ አስታራቂ ፊት ቀርበው ያስረዱ። «ብቻ እማማ፣ እባክዎ» አለ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ፣ «እዚያ እሷ ራሷ ትናገር።»

ማራዴቤ ወደ ቤት ሲመለሱ በታክሲው ውስጥ ትንፍሽ አላሉም። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያቸው፤ የታመሙ መስሎታል።

ከሰዓት በኋላ ዙኪስዋ ቦሎቄ ስትለቅም ማራዴቤ ተነሥተው ሻይ አፈሉ። በዚያ ቤት አማት ለማኮቲ ሻይ አፍልታ አታውቅም፤ ቢታይም ወሬ ይሆናል። ዙኪስዋ ደንግጣ ልትነሣ ስትል ትከሻዋን ተጭነው አስቀመጧትና ኩባያውን እጇ ላይ አኖሩት።

«ጠጪ። አንድ ነገር ልንገርሽ ነው፣ እየጠጣሽ ስሚኝ፤ ፊቴን አትይኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ትዕቢቴ ብቻ አይደለም ያናገረኝ። ያን ቀን ሽርጥሽን ትተሽ ስትመጪ... ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ይሄ ቤት ይበላኛል። የእግርሽን ኮቴ ስሰማ ሉንዲ ሱቅ ወርዶ የሚመለስ ይመስለኛል። እና ሥራሽን ስታጪ ደስ አለኝ።»

«አውቄያለሁ» አለች ዙኪስዋ ሻዩን እያየች።

«ምኑን?»

«ያን ዕለት እየዘመሩ ነበር ድስት ያጠቡት።»

ማራዴቤ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ቶሎ አፈሩበትና አቆሙ። አሮጊቷ አፍንጫቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። ከሁሉ የከበዳቸውን ነገር የተናገሩት ያኔ ነው።

«ከፈለግሽ ነገ ሴቶቹን ልጥራና ከሉን እናውጣልሽ። ወንድምሽ ጋ ሂጂ። እኔ ምንም አልሆንም።»

ውሸታቸውን ነበር። ዙኪስዋ ኩባያዋን አስቀመጠች።

«አልሄድም እማዬ» አለች። «ሉንዲን ገና አልቅሼ አልጨረስኩትም።»

ክርክሩ የታየው ግድግዳዋ የተላጠ፣ ማሞቂያዋ የማይሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አስታራቂዋ መነጽር ያደረገች ትሑት ሴት ነበረች። በአንድ በኩል ኖንትሌ ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ተቀምጣለች፤ በሌላ በኩል ዙኪስዋና ማራዴቤ። ማራዴቤ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው አንዲት ቃል ላይተነፍሱ ነው። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ አብዝቶ እንደሚያስለው ሰው ተቀመጡ። በሕይወታቸው እንዲህ የከበደ ሥራ ሠርተው አያውቁም።

«ለምን ወጣሽ?» አለች አስታራቂዋ ዙኪስዋን።

«ከሉን እስካወልቅ ቤቴ እንድሆን ተነገረኝ።»

«ታዲያ አመሰግናለሁ ብለሽ ሽርጥሽን አስረክበሻል ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ማራዴቤ መሐረቡን ነከሱት።

«ካልተስማማሽ ለምን አመሰገንሽ?»

የዙኪስዋ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አልተሰበረም። «በእድሜ እናቴ ይሆናሉ። እምቢ ማለት አይሆንልኝም። አመሰግናለሁ ያልኩት ለእድሜያቸው እንጂ ልወጣ ፈልጌ አይደለም። ሥራዬን እወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ሲወጣ፣ እዚያ ቆሜ ሳለሁ፣ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።»

አስታራቂዋ ወደ ኖንትሌ ዞረች። ማራዴቤም ዞሩ። ክህደቱን ይጠብቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስቆማቸው አይችልም፣ መሐረቡንም ይጥሉታል፣ ብለው ወስነዋል።

ኖንትሌ ግን አልካደችም።

«ያለችው ልክ ነው» አለች። «እንደዚያ ብያታለሁ። ደንበኛ ቅር አለው ያልኩት የራሴ ፈጠራ ነው፤ ማንም ምንም አላለም።» ጣቶቿን አያይዛ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔም ለብሼው ነበር። ባሌ የሞተ ጊዜ። ያኔ የነበረው አለቃ ወይ እሱን ወይ ሥራሽን አለኝ። ልጆች ነበሩኝ። ምሳ ሰዓት ላይ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን አወለቅሁት፤ የዳቦ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የባሌ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ አያናግሩኝም።» ቀና ብላ ዙኪስዋን አየቻት። «አንቺ በየጠዋቱ ለብሰሽው ስትገቢ ላይሽ አልቻልኩም ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አስታራቂዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። ከዚያ የደረሰችበትን ተናገረች፤ ዙኪስዋ በገዛ ፈቃዷ እንዳልወጣች፣ ይህንኑ ጽፋ እንደምትሰጣትና ክፍያውን እንድትጠይቅ። ዙኪስዋ ዓይኗን ጨፈነች። እስከ ኮክ አበባ ድረስ ቤቷ መሆን ትችላለች። ማራዴቤ ደስታው ከጉልበታቸው ጀምሮ ሲወጣ ተሰማቸው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እልልታው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

አሁን ግን የሚያዩት ኖንትሌን ነበር። ወንበሯን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ሰላም ሳትል ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳለች።

«አንቺ!» አሉ። ድምፃቸው ተመለሰ፤ አስታራቂዋ ደንግጣ ብዕሯን ጣለች።

ኖንትሌ ቆመች። ስድብ እንደምትጠብቅ ትከሻዋ ይናገራል።

«ማነው ያጠበሽ?»

«ምን?»

«ከሉ ሲወጣ። ማን አጠበሽ? ማን አዲስ ልብስ አለበሰሽ?»

«ብቻዬን ነበርኩ አልኩ እኮ እማማ።»

«እንግዲያው አልወጣም» አሉ ማራዴቤ። «እስከ ዛሬ ለብሰሽዋል።» በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና አጠገቧ ሄደው ቆሙ። በቁመት ደረቷ ላይ ነው የሚደርሱት። በእልህ ሊገጥሟት አስበው የመጡባትን ሴት አሁን ክንዷን ያዟት። «የዚችን ስናወጣ ትመጫለሽ። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ። እሷንም አንቺንም እኛው እናጥባችኋለን። ቤተሰቦቹ ካላናገሩሽ እኛ እናናግርሻለን፤ እኔ ወሬ አላጣም።»

የኖንትሌ እንባ ወረደ። ዙኪስዋ ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና፣ ጥቁሩን ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ እንባዋን ጠረገችላት።

«ልብሱን የምንገዛው እኛ ነን፤ ወጉ እንደዚያ ነው» አሉ ማራዴቤ፣ ክንዷን ሳይለቁ። «ምን ዓይነት ቀለም ነው የምትወጂው?»

«ቀለም?»

«ቀለም ነዋ! ምን ልግዛልሽ?»

ኖንትሌ ነጩን የሥራ ልብሷን ቁልቁል አየችው። ለረጅም ጊዜ ማንም ያልጠየቃትን፣ እሷም ራሷን ያልጠየቀችውን ነገር ልታስታውስ እንደምትሞክር ግንባሯ ተጨማደደ።

«ቢጫ» አለች።