ከሦስተኛው ዘንባባ ወዲያ

«ነፍሱ ስትወጣ ዱዓ ላይ ነበር» አለች የሟቹ ሚስት ማዳም አፊፋ ለሃያኛ ጊዜ። ሴቶቹም ለሃያኛ ጊዜ «ማሻአላህ» ብለው ዓይናቸውን ጠራረጉ።

ፊርደውስ የዓረብ ቡናውን፣ ገህዋውን፣ ስትቀዳ ቀና አላለችም። ቀና ብትል ሳቋ ያመልጣት ነበር። ባባ መሐሙድ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ከአፉ የወጣው የመጨረሻ ነገር ስድብ ነው፤ የተሰደበውም የመጫወቻ ባቡር።

ተቀጥራ በምትሠራበት የሱለይማኒያ የዓረብ ቪላ የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነበር። ሳሎኑ በሽቶና በሐር ዓባያ ተሞልቷል። ከሟች ሚስት በላይ ድምፅ አውጥታ የምታለቅስ አንዲት ወፍራም ሴት በአንድ እጇ መሐረብ፣ በሌላው ተምር ይዛለች። ፊርደውስ ታዘበቻት። ሽማግሌው ግማሽ ጎኑ ከከዳው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በሦስት ዓመት ከእነዚህ ሴቶች አንዷ እንኳ ያንን ደረጃ ወጥታ «እንዴት አደርክ?» ብላው አታውቅም። አሁን ደግነቱን ይተርካሉ። ደግ እንዳልነበር ከፊርደውስ በላይ የሚያውቅ የለም። ጫማ ወርውሮባታል፣ አባቷን ሰድቧል፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ምንጣፉ ላይ ደፍቶባታል።

ኩሽና ስትመለስ የቤቱ ሹፌር ሙሀባው በሩ ላይ ይጠብቃታል። የሷው የወሎ ሰው ነው፤ ሲፈራ ይሽኮረመማል፣ ሁልጊዜም ይፈራል።

«ፊርዱ፣ እህቴ፣ ከኔ ሰማሁ እንዳትይ» አለና ከመቃብር ሲመለሱ መኪና ውስጥ የሰማውን ነገራት። የሟቹ ልጆች መርዋንና ራህማ ሹፌሩ ደንቆሮ ይመስል ከኋላ ተቀምጠው ተመካክረዋል። ራህማ መንታ ወልዳለች፤ ለቅሶው ሲያበቃ ፊርደውስ ወደ እሷ ቤት ትሄዳለች። ጉዳዩ ኸላስ፣ ያለቀ ነው።

«ኹሩጄስ?»

ሙሀባው ጫማውን አየ። ወደ አገር የሚያስወጣውን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የከፊሏ፣ የሕጋዊ አሠሪዋ የመርዋን ነው። መርዋን «ባቡሩ መቼ ደረሰና!» ብሎ ስቋል አላት። ከዚያም ዝም ብላ እንድትታገስ መከራት፤ ከአርባው በኋላ ኢንሻአላህ ልባቸው ይራራል። እነዚህ ሰዎች አርባ እንደማያወጡ አራት ዓመት አብሯቸው ኖሮ አለማወቁ አናደዳት። የሰጠችው መልስ ቢኖር የቡና ሲኒ የሞላ ትሪ ነበር፤ ውሰድ አለችው።

ነገሩ ይህ ነው። ባባ መሐሙድ ከመታመሙ በፊት ግቢውን የሚያቋርጥ ትንሽ የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ አስነጥፎ ነበር፤ ከቤቱ ተነስቶ በስድስት ዘንባባዎች መሐል እስከ ኋላው አጥር። ከወደቀ በኋላ አልጋው ፎቅ ላይ መስኮት ሥር ሆነ። ሪሞቱ ግን ከዚያ አይደርስም። ባቡሩ ሁለተኛው ዘንባባ ላይ ቀጥ ይላል። መርዋን እየተመላለሰ ከውጭ አገር የተሻለ ያለውን ሪሞት ያስመጣል፣ አባቱም እያንዳንዱን ግድግዳ ላይ ይፈጠፍጠዋል።

ሦስተኛው በተፈጠፈጠ ዕለት ፊርደውስ ወለሉን እየወለወለች ነበር። ሳትጠየቅ፣ ትዕግሥት ስለሌላት ብቻ፣ «ችግሩ ሪሞቱ አይደለም፤ የመስኮቱ ብረት ሲግናሉን እየበላው ነው» አለች። ሽማግሌው አፍጥጦ አያት። ማን እንዳስተማራት ጠየቀ። ኮምቦልቻ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መመረቋን ስትነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ኢንጂነር መወልወያ አይዝም አለ። በማግስቱ ግን ሙሀባውን ዲራ ገበያ ልኮ የሽቦ መበየጃ ካውያና ስታኞ አስገዛ።

ከዚያ ወዲህ ከዐስር ሶላት እስከ ፀሐይ መግቢያው መግሪብ ባለው ጊዜ ማዳም ብትጣራም አትወርድም፤ ሽማግሌው በከዘራው ወለሉን እየደበደበ ይመልስላታል። በባቡሩ ቆርቆሮ ሽፋን ሥር ተጣጥፎ የታፈነውን የአንቴና ሽቦ አውጥታ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ ልኩንም አስልታ ቆረጠችው። ባባ መሐሙድ መቁረጧን አይቶ ጮኸ፤ ሽቦ በረዘመ ቁጥር ሩቅ የሚሰማ ይመስለው ነበር። ሞተሩ ሲዞር የሚረጨው ብልጭታ ሲግናሉን እንዳይረብሸው ሁለት ምስር የሚያካክሉ ካፓሲተሮች በየደችበት። የሪሞቱን ማሰራጫ ከመስኮቱ ብረት አሻግራ ወደ ውጭ ሰቀለችው። ባቡሩ ሦስተኛው ዘንባባ ደረሰ። ያን ቀን ሽማግሌው ልጁን ጠርቶ በሷ ፊት ተናገረ፦ ይህ ነገር የኋላው አጥር የደረሰ ዕለት ልጅቷን ወደ አገሯ ልቀቃት።

በሳምንቱ ደረሰ። ይህን ከፊርደውስ በቀር ያየ የለም፤ ሽማግሌውን ጨምሮ ሁሉም ተኝቶ ነበር፣ ጁምዓ ጠዋት፤ ሪሞቱንም ከመስኮቱ የያዘችው እሷ ነበረች። እሷም ባቡሩን ከአጥሩ ሥር አንስታ ወደ ኩሽና ገባች፤ የዶሮ መጠቅለያ ፎይል ቀዳ ሽቦውን ጠቀለለችበት። ባቡሩ ተመልሶ ሦስተኛው ዘንባባ ላይ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ቆመ፤ ሁለት ወር ሙሉም እሷ ከዐስር እስከ መግሪብ ኢንጂነር ነበረች። አገር ቤት እያለች በዲግሪዋ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጥታለች። ለአንድ ነዝናዛ ሕመምተኛ መጫወቻ ስትል ነፃነቷን በፎይል የጠቀለለች ሴት ከዚያች ተምር በጇ ይዛ ከምታለቅሰው ወፍራም ሴት በምን ትሻላለች? በምንም። ይህንንም ስታስብ ራሷን ናቀች።

በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወንዶቹ የእንግዳ መቀበያቸውን መጅሊስ ሞልተው ነበር። የመጨረሻው ቀን ነው። የሟች ታላቅ ወንድም አህመድ፣ ጀርባው የጎበጠ ዝምተኛ ሰው፣ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ልማዱን አደረሰ። «በወንድሜ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ዛሬ ይናገር። ወንድሜ ዕዳ ከብዶት እንዳይተኛ።»

ፊርደውስ በሩ ላይ ገህዋ ለሙሀባው እያቀበለች ነበር። ሴት ወደዚያ ክፍል አትገባም። ማንቆርቆሪያውን ሙሀባው እጅ ላይ አስቀምጣ ገባች።

«እኔ አለኝ» አለች።

መርዋን ሊያስወጣት ተነሣ፤ አጎቱ በእጁ ምልክት አስቀመጠው። የተገባላትን ቃል በአጭሩ ተናገረች። መርዋን አልካደም፣ አጎቱ ፊት ሊክድም አይችልም። «ቃሉ እውነት ነው። ባቡሩ ግን ከሦስተኛው ዘንባባ አላለፈም። እኔ ራሴ ስንት ስለፋበት!» ለእንግዶቹ ባቡሩን ያሠራው እሱ እንደሆነ ሲያወራ ነው የሰነበተው።

«ይደርሳል» አለች ፊርደውስ። «ሪሞቱን የሚይዝ ሰው ፎቅ ይውጣ።»

የወጣው ሙሀባው ነው። ሌሎቹ ወደ ግቢው ተከተሏት። ተንበርክካ የባቡሩን ሽፋን ከፈተች፣ ፎይሉን ፈትታ ሁሉም እያያት ጨምድዳ ጣለችው። ባቡሩ ተነሣ። ሦስተኛውን ዘንባባ ሳይደናቀፍ አለፈ፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ከዚያም ከኋላው አጥር ሥር ቀስ ብሎ ቆመ።

መርዋን ፎይሉን ከመሬት አነሣ። ደደብ አይደለም፤ ገባው። «ሁለት ወር የታመመ ሰው አታለልሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ምን ቃል አለሽ? አጭበርባሪ ሐቅ የለውም። ያላ፣ ወደ ሥራሽ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ሰው አፍ ትክክለኛ ነገር ወጣ። ፊቷን አዙራ ወደ ኩሽና መሄድ ጀመረች። ያኔ አህመድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያውቅ ነበር» አለ።

መርዋን ዞረ።

«ሻይ ልታመጣ ስትወርድ አልጋው አጠገብ የተወችውን ባቡር ከፍቶ አይቶታል። ነግሮኛል። ‹ይቺ ሌባ ፎይል ጠቅልላበታለች› አለኝ። ፍታው ብለው፣ ‹ከፈታሁት ትሄዳለች› አለኝ። በአንድ እጁ ሲታገል ውሎ ራሱ መልሶ ጠቀለለው።» አህመድ ወደ ፊርደውስ ዞረ። «ያታለለሽን ሰው ይቅር በይው፣ ልጄ። አንተም ቃሉን ፈጽም።»

መርዋን ስልኩን አወጣ። ሲነካካ ፊቱ እንደ ሎሚ የተጨመቀ ነበር። የፊርደውስ ስልክ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ተንጫጫ፤ አየችው፣ የኹሩጁ መልእክት ነው። ወንዶቹ አንድ ባንድ ወደ መጅሊሱ ተመለሱ። ሙሀባውም መስኮቱን ዘግቶ ወረደ።

እሷ ባቡሩን ልታነሣ ወደ ኋላው አጥር ሄደች። ‹ይቺ ሌባ›፤ ሞቶም ይሳደባል። በሙከራ ጊዜ ሽማግሌው ፎቅ ላይ ሪሞቱን ሲይዝ ባቡሩ ከዚያ ርቀት ለዓይኑ ስለማይታየው ምልክት ነበራቸው፦ ከቆመ ሁለት እጇን ከራሷ በላይ ታጣምራለች፣ አጥሩ ከደረሰ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። ሁለተኛውን ምልክት አንድም ቀን አሳይታው አታውቅም።

ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። ፊቷን ወደ ተዘጋው የሽማግሌው መስኮት አዙራ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ክንዷ እስኪዝል ድረስም አላወረደችውም።