የአባቷ ድምፅ ያለበት ዲስክ

አሮጌው የኮምፒዩተር ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ወዲህ ልጅቱ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሥራ ቦታ ሆና እንኳ ይሰማታል። ቀጭ፣ ዝም፣ ደግሞ ቀጭ። ለሌላ ሰው ቢሆን ውስጡ ያለው ተራ ጨዋታ ነው፤ ከባድ መኪና እየነዱ ከከተማ ከተማ ጭነት የሚያደርሱበት። የአባቷ ድምፅ ግን ያለው እዚያ ብቻ ነበር።

አባትየው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የፈጁ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው፣ ከዚያ በኋላም ድምፃቸው እንደማይመለስ ሐኪሙ ሲነግራቸው፣ ልጅቱ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት አንድ ሐሳብ መጣላት። ቤቱ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ስላልነበረ አባቷን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በካፖርቶቹ መሃል አስቀመጠቻቸውና ስልኳን ወደ አፋቸው አስጠጋች። እሷ መሪ እንደያዘች አስመስለው መንገድ እንዲመሯት ጠየቀቻቸው።

«ስንቱን አገር ነድቼ ነድቼ መጨረሻዬ ቁም ሣጥን ሆነ?» አሉ። አንዴ ከጀመሩ በኋላ ግን ውጡ ቢባሉ አልወጣም አሉ።

ልጅቱም የጨዋታውን መንገድ ጠቋሚ፣ አንዲት ሴትዮን፣ አስወጥታ የእሳቸውን ድምፅ ተካችበት። ተጫዋቾች እንዲህ በገዛ እጃቸው የሚጨምሩትን ነገር ሞድ ይሉታል። የቀረጸችበት ስልክ ብዙም ሳይቆይ ተሰረቀ። ድምፁን ሌላም ቦታ ማስቀመጥ ነበረብሽ እንዳትሏት፤ ራሷን ስትረግም ነው የከረመችው።

አሁን አባትየው የሚናገሩት በእጅና በከንፈር ነው። ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ የፕላስቲኩን መሪ ይዘው ይቀመጡና ለራሳቸው ድምፅ እየታዘዙ ይነዳሉ። እናትየው ደግሞ ይህን ጨዋታ ለዓይናቸውም ጠልተውታል። «ጡረታ የወጣ ሰው ተመልሶ ሹፌር ሆነ!» ይሉና የወጥ ቤቱን በር ዘግተው ከድስታቸው ጋር ይታገላሉ።

ቅዳሜ፣ አባቷ ጋደም እንዳሉ፣ ልጅቱ ጨዋታውን ወደ አዲስ ዲስክ ማዘዋወር ጀመረች። አቅሟ የፈቀደው አዲስ ዲስክ ከአሮጌው ያነሰ ቢሆንም ለጨዋታው ይበቃል ብላ ነበር። የት ይበቃል! ሥራው ሳይጋመስ ኮምፒዩተሩ ቦታ የለም አለ። ብታየው የጨመረቻቸው ፋይሎች ሁሉ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል፤ ሞዶቹን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም ማኅደር ውስጥም፣ በጨዋታው ማኅደር ውስጥም። ስማቸው እንኳ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ጉድ የሠራት ሥራዋ ነው። ልጅቱ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። የእሷ ጠላት ለአንድ ሰው የወጣ ሁለት ካርድ ነው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው መድኃኒት ሌላው ላይ አይኖርም፣ በሽተኛው መሃል ላይ ይጎዳል። መንታ ካርድ ካየች አንዱን ሳታስወግድ ወደ ቤቷ አትሄድም። አሁንም እጇ የለመደውን አደረገ። የጨዋታው ይበቃል ብላ የፕሮግራሙን ማኅደር ከአሮጌው ዲስክ ላይ ደመሰሰችው። አዲሱንም ባዶ አድርጋ ማዘዋወሩን እንደ አዲስ ጀመረች።

ኮምፒዩተሩ መሃል ላይ ጠየቃት። ይህ ፋይል አልተገኘም፤ ልዝለለው? ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። በዚህ መሃል የአባቷ አልጋ ሲጢጥ አለ። ተነሱ! ሁሉንም ዝለል አለችው።

አባትየው ገብተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ጨዋታው ከአዲሱ ዲስክ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የለም፣ ምንም የለም። መኪናው ከመጋዘኑ ወጣ፣ ወደ አስፋልቱ ገባ።

«እባክዎ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለች ያቺ የተባረረችው ጨዋ ሴትዮ።

አባትየው እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ። ዞረው ልጃቸውን አዩና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። *እኔስ?*

ልጅቱ እጇን ወደ ኮምፒዩተሩ ሰደደች። ወዲያው የወጥ ቤቱ በር ብርግድ አለና እናትየው ጭልፋ እንደያዙ ደረሱ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ...»

«እሱ የት ሄደ? እሱ አልነበረም እንዴ በዚህ ሰዓት የሚናገረው?» ቀጥ አሉ። አባትና ልጅ አፍጥጠው እያዩዋቸው ነው። «ምን ታዩኛላችሁ? በሩ እኮ ስስ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ጠፋ እንዳትይኝ፣ ልጄ።»

ልጅቱ አዲሱን ማኅደር ከፈተች። የድምፁ ቦታ ባዶ ነበር። ያኔ ገባት። በጨዋታው ማኅደር ውስጥ ያየቻቸው ስሞች ራሳቸው ፋይሎች አልነበሩም፤ በፕሮግራሙ ማኅደር ወዳሉት ፋይሎች የሚጠቁሙ ምልክቶች ነበሩ። ዋናውን ደምስሳ ጠቋሚውን አስቀርታለች።

የቀራት ተስፋ የአሮጌው ዲስክ ቆሻሻ ቅርጫት ነው። ደፍታው ይሆን? ደፊ እጅ ነው ያላት፤ ታውቀዋለች። ከፈተችው። ማኅደሩ አለ። መለሰችውና የድምፁን ፋይሎች ብቻ ወደ አዲሱ ሰደደች።

ቀጭ። ዝም። አረንጓዴዋ መስመር ትንሽ ሄደችና ቆመች።

«ምን ይላል?» አሉ እናትየው።

«ዝም በይ እማዬ!»

«እኔ ዝም ስል ይፈጥናል?»

አባትየው ጎንበስ ብለው፣ የጋለ ሞተር እንደሚዳብስ ሰው፣ መዳፋቸውን አሮጌው ዲስክ ላይ አሳረፉ። መስመሯ ሄደች፣ ቆመች፣ ሄደች። ጥቂት ፋይሎች ሲቀሩ ዲስኩ አንዴ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ነቅላ ሰካችው። አልተነሳም። የትኞቹ ቃላት እንደቀሩ የሚያውቅ የለም።

ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ፕሮግራሙን አዲሱ ዲስክ ላይ ጫነች። ፋይሎቹን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጦ ምልክቶቹን እንደገና እንዲያበጅ አዘዘችው። ከዚያ ጨዋታውን አስነሳች።

መኪናው ከመጋዘኑ ወጣ። መታጠፊያው ደረሰ። የሚናገር የለም፤ ቦታዋ ተይዟልና ያቺ ሴትዮ የለች፣ ይህ ቃል ካልተረፉት አንዱ ነበርና የአባትየውም ድምፅ የለ። እናትየው ጭልፋውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። አባትየው የሚመራቸው ድምፅ ሲያጡ መታጠፊያውን አለፉት።

«ኧረ የት ነው የምትሄጂው!» ብሎ ቤቱን ሞላው ያ ሻካራ ድምፅ። «ቀኝ ነው የምልሽ፣ ቀኝ! ዓይንሽ የት ነው ያለው?»

«አትጩህብኝ!» አሉ እናትየው፣ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንደመለሱት።

የአባትየው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያለ ድምፅ እየሳቁ ነበር። እናትየው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«እስቲ ደግሞ ተሳሳት» አሏቸው።

አባትየው መሪውን ሆን ብለው ወደ ግራ አዞሩት።