ሲስተር እስክትመለስ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ ከአንድ የተወረሰ ቪላ ሰርቪስ ቤት ሁለት ክፍል ተለቆ ክሊኒክ የተከፈተው በ1973 ዓ.ም. ነበር። ዶክተር አልተመደበለትም። የነበሩት አንዲት ነርስና አንዲት ካርድ አውጪ ብቻ ናቸው። ነርሷ አጸደ ትባላለች፤ ያኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ሰው አላመናትም። የታመመ ሁሉ በክሊኒኩ በር አልፎ እየሄደ፣ ሳይነጋ ትልቁ ሆስፒታል ደጃፍ ወረፋ ይይዛል። «ነርስ ትኩሳት ትለካ ይሆናል፤ በሽታ ምን ታውቃለች» ይባል ነበር።

ሸማኔው መሸሻም እንደዚያ ከሚሉት አንዱ ነው። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ጽጌረዳ የምትባል አንዲት ልጁን ለብቻው ያሳድጋል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ ተቀምጣ ማግ ታጠነጥንለታለች፤ እያጠነጠነች የክፍሏን ልጆች ወሬ ሁሉ ትነግረዋለች። ዝም ካለች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው።

በ1974 መጋቢት ላይ፣ አሥር ዓመቷ ሳለ፣ ዝም አለች። አንድ ጉልበቷ አብጦ ነበር። በማግስቱ እሱ ጎደለና ክርኗ አበጠ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ ዊንጌት አካባቢ በየቤቱ እየዞረ መርፌ የሚወጋ ሰው እንዳለ ነገረችው። ሰውየው መጥቶ ሁለት ጊዜ ወጋት። አልተሻላትም። በሦስተኛው ቀን መሸሻ ልጁን አዝሎ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ወጣ። መንገድ ላይ ስታቃስት ሰምቶ ክሊኒኩ በር ላይ ሊያሳርፋት ተቀመጠ። አጸደ ያገኘቻቸው እዚያ ነው።

አስገብታ አስተኛቻት። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ የተረሳት ትመስል ነበር።

«ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር?» አለችው።

«ከሦስት ሳምንት በፊት። በጨው ውሃ አጉመጥምጬያት ተዋት።»

አጸደ ወረቀት ጻፈች። ከዚያ ክሊኒኩን ለካርድ አውጪዋ ትታ ራሷ አብራቸው ሆስፒታል ሄደች። የሆስፒታሉ ዶክተር ልጅቷን መርምሮ ወረቀቱን አነበበና «ነርሷ የጻፈችው ልክ ነው» አለ። መሸሻ ይችን ቃል ሰፈር ይዟት ተመለሰ። በሳምንት ውስጥ ያልሰማት አልነበረም።

ጽጌረዳ ሲሻላት አጸደ አባትየውን ለብቻው አስቀምጣ አስረዳችው።

«ጋሼ መሸሻ፣ ጉሮሮዋ ላይ የነበረው በሽታ ልቧን ነክቷታል። የነካት ትንሽ ነው። ተመልሶ ከመጣ ግን ይብስባታል። እንዳይመለስ በየወሩ አንድ መርፌ ትወጋለች።»

«እስከ መቼ?»

«ትልቅ ሰው እስክትሆን።»

«ድናም ቢሆን?»

«ድናም ቢሆን። ደህና ናት ብለው እንዳይተዉት። ሌላም ነገር አለ። ያንን ሰውዬ ሁለተኛ ደጅዎ እንዳያደርሱት። መርፌውን አይቀቅልም። ከእኔ በቀር ማንም መርፌ እንዳያስነካት፤ ይማሉልኝ።»

«ማርያምን» አለ መሸሻ።

ቀኑም የማርያም ዕለት ሆነ። በሃያ አንድ ሸማ ስለማይሠራ፣ አባትና ልጅ ከቤተክርስቲያን መልስ ክሊኒክ ይገባሉ። መርፌው ወፍራም ነው፤ እግር ያስነክሳል። አጸደ መድኃኒቱን ቀስ እያለች ስትሰጣት «እስቲ ከባለፈው ወር ወዲህ ምን ተፈጠረ?» ትላታለች። ጽጌረዳም ጥርሷን ነክሳ ታወራለች፤ መርፌው ወጥቶ ወሬው አያልቅም። ውጭ ወረፋ የያዙት ያጉረመርማሉ። አንድ ጊዜ መሸሻ ዘመድ ሞቶበት ቀኑ ሲያልፈው አጸደ ራሷ መርፌዋን በቆርቆሮ ዕቃ ቀቅላ ቤታቸው መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሊሆን ጥቂት ወር ቀረው። ሆስፒታል ይሻላል ይል የነበረው የሰፈር ሰው አሁን ሆስፒታል ሲላክ እንኳ «ሲስተር፣ አንቺው እይኝ» የሚል ሆነ። እጇ ያድናል ተባለ።

በ1977 ኅዳር መጀመሪያ አጸደ ሰኞ ተጠርታ ረቡዕ በአውቶቡስ ሄደች። ከድርቁ አገር የተነሳው ሕዝብ ወለጋ ይሰፍር ስለነበር የጤና ሠራተኛ ያስፈልጋል ተብሎ ነው። ማንንም ለመሰናበት ጊዜ አላገኘችም።

በኅዳር ጽዮን መሸሻና ጽጌረዳ እንደ ልማዳቸው ክሊኒክ ገቡ። ወንበሩ ላይ አንድ ወጣት ወንድ ተቀምጧል። ቶሎሳ ይባላል፤ እሱም ነርስ ነው።

«ሲስተርስ?» አለ መሸሻ።

«ሰፈራ ጣቢያ ሄደዋል። ለሦስት ወር ነው የተባለው። ካርድ ይዛችኋል?»

ካርዱን አየና መርፌውን ሊያዘጋጅ ተነሳ። «እዚያ ጋ ተኚና ልብስሽን ዝቅ አድርጊ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። ጽጌረዳ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷን አየችው። አባቷም እሷን።

«ሌላ ቀን እንመለሳለን» አለ መሸሻ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጽጌረዳ እጁን ይዛ «ለሦስት ወር አይደል ያለው አባዬ? ሲስተር ስትመጣ እወጋለሁ» አለችው።

«እሷም ብላለች። ከእኔ በቀር ብላለች» አለ። ቃሉን የጠበቀ ሰው የሚሰማው ደስታ ተሰማው። ያንን ደስታ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሶታል።

ቶሎሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥር ላይ ካርዶቹን ሲያገላብጥ የጽጌረዳን አገኘና ቤታቸውን ጠይቆ መጣ። መሸሻ ከሸማው ቀና ብሎ አየው።

«አባባ፣ ልጅቱ ሁለት ወር አልፏታል።»

«ሌላ ቦታ እያስወጋኋት ነው።»

«የት?»

«ትልቁ ሆስፒታል።»

«እንግዲያው ካርዷ ላይ እንደዚያ ልጻፍ?»

«ጻፈው» አለ መሸሻ።

ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። መሸሻ በክሊኒኩ በር ባለፈ ቁጥር ካርድ አውጪዋን ይጠይቃል፤ «ገና ናት» ትለዋለች። የሚያስቸኩልም ነገር አልነበረም። ጽጌረዳ ቁመት ጨመረች፣ ቀሚሷ አጠረ፣ ከትምህርት ቤት አቀበቱን በሩጫ ትመጣለች። ደህና ናት ብለው እንዳይተዉት መባሉን አልረሳም። አልተውኩትም፣ እየጠበቅኩ ነው፣ ይል ነበር ለራሱ።

ግንቦት ላይ ጉሮሮዋን አመማት። መሸሻ ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ሊያደርስ ይጣደፍ ስለነበር እንዳታስቸግረው ብላ ሁለት ቀን ደበቀችው። ሰኔ ሲገባ ከትምህርት ቤት በእርምጃ መጣች። ማግ ልታጠነጥን ተቀመጠችና ዝም አለች። መሸሻ መወርወሪያውን አስቀምጦ ጉልበቷን ገልጦ አየ። ከዚያ በኋላ ማንም የነገረው ነገር አዲስ አልሆነበትም።

አዝሏት ክሊኒክ ሮጠ። ቶሎሳ ደረቷን አዳምጦ ታክሲ ሊጠራ ራሱ ወጣ። መኪናው ውስጥ «ሆስፒታል ትወጋለች ብለውኝ አልነበር?» አለ። መሸሻ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየ። ቶሎሳ ደግሞ አልጠየቀም።

ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛች። የልቧ በሮች ተበላሽተው ደም ወደ ኋላ እየመለሱ እንደሆነ ነገሩት። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ተቀምጣ ነበር የምታድረው፤ መሸሻ አልጋው ላይ ከኋላዋ ይቀመጥና በጀርባዋ ደረቱን ትደገፋለች። ወሬዋ አጭር አጭር ሆነ። አንድ ቀን «ሲስተር መጣች?» ብላ ጠየቀችው።

«መንገድ ላይ ናት» አላት።

«ብትመጣ ቶሎሳን እንዳትቆጣው። እኛ ነን ያልሄድነው።»

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ እንደተደገፈችው አረፈች። መሸሻ መሞቷን ወዲያው አላወቀም። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት፣ እንዳይቀሰቅሳት ብሎ ሳይነቃነቅ ቆየ። ነርሶቹ መጥተው ነው ከደረቱ ላይ ያነሷት።

አጸደ የተመለሰችው በ1978 ጥር ላይ ነው፤ ከሄደች አሥራ አራት ወር ሆኗት ነበር። ወባ አክስቷታል፣ ፊቷ ጠቁሯል። ቶሎሳ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አንስታ ወደ መሸሻ ቤት ወረደች።

መሸሻ ሲያያት ከሸማው ጉድጓድ ወጥቶ ቆመ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችው።

«አሜን። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

«ቶሎሳ መርፌው ነበረው ጋሼ» አለች። «ያው መድኃኒት ነው። ያው ካርድ ነው። ምነው?»

«ከእኔ በቀር ብለሽኛል። አስምለሽኛል።»

አጸደ ወዲያው አልገባትም ነበር። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «ያ እኮ ስለዚያ በየቤቱ ስለሚዞረው...» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት።

«አሁን ገብቶኛል» አለ መሸሻ። «ያኔ ግን መድኃኒቱ አንቺ እጅ ላይ ብቻ ያለ ነው የመሰለን። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ደግሞ ያንን ልጅ ዋሽቼዋለሁ። እሱ መጥቶ ነበር፤ እግሩን አንስቶ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር።»

አጸደ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። መሸሻ ሊያጽናናት ፈለገ፤ እሷም እሱን። እሷ «ባልተናገርኩት» ትላለች፤ እሱ «ባልዋሸሁት» ይላል። አንዱ የሌላውን ሸክም ማንሳት አልቻለም። ስትወጣ እስከ በር ሸኛት።

ከዚያ በኋላ አጸደ ሌላ ሰው ሆነች። በሽተኛ ገብቶ «ሲስተር፣ አንቺው ውጊኝ» ሲላት «ወረፋው የቶሎሳ ነው» ብላ ትመልሳለች። በየሳምንቱ ክፍል ይለዋወጣሉ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በእሷ እጅ አይወጋም። ወሬ መጠየቅ ተወች። ቤት ድረስ መሄድ ሲያስፈልግ ቶሎሳን ትልካለች። ሰፈሩ አዘነባት። ኮርታለች ተባለ፤ ዘመቻ ሄዳ ሥልጣን ለምዳ መጣች ተባለ። ከዚያ ወዲህ እንደገና ሆስፒታል መሄድ የጀመሩም አሉ።

መሸሻ ሳል ይዞት በዐቢይ ጾም ወደ ክሊኒክ ወጣ። አግዳሚው ላይ ወይዘሮ ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ታየዋለህ ይሄን? ድሮ እጄን ይዛ እያጫወተች ነበር የምትወጋኝ። ዛሬ ለዚያ ልጅ ትሰጠኛለች። ምን በደልናት?»

መሸሻ ምክንያቱን ሊነግራት ይችል ነበር። አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር።

«ምንም አልበደልናት። ግቢና ተወጊ ሙሉ» አላት። «እሱም ያውቃል።»

ወይዘሮ ሙሉ አንተም እንደ እሷ ሆንክ በሚል ዓይን አየችውና ፊቷን አዞረች። ተራዋ ደርሶ ገብታ፣ ወጥታ፣ ሳትሰናበተው ሄደች። ከዚያ ቶሎሳ የመሸሻን ስም ጠራ። መሸሻ ሲገባ የዚያኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ አጸደ ውስጥ ቆማ መርፌ ከሚፈላው ውሃ እያወጣች ነው። ቀና ብላ አየችው። ሁለቱም አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። እሱ ወደ ቶሎሳ ሄደና ሸሚዙን መፍታት ጀመረ።