በወንድሙ ስም የተራመደ

«እግዜር ያጽናሽ» ብላ ልጅቷ ከሟቹ ሚስት ከአሰፋች ጎን ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ፣ ቀናው የያዘው ንፍሮ ጭኑ ላይ ተበተነ።

ማህሌት ነበረች፤ የሟች ወንድሙን የወልደሰንበትን ጉልበት ስታጠና የከረመችው የሐኪም ቤቷ ልጅ። ዛሬ ሣልስቱ ነው። ከቀብር ወዲህ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ድንኳኑ በር ላይ በታየ ቁጥር የቀናው ልብ ድንግጥ እያለ ነበር የሰነበተው። ይኸው የፈራት መጣች።

«ምነው፣ ላብ አጠመቀህሳ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ባለሱቁ ረሻድ።

«ሙቀቱ ነው።»

«የምን ሙቀት? በሐምሌ? ንፍሮ የሚያልበው ሰው ገና ዛሬ አየሁ!»

ቀናው ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ንፍሮ ይለቅም ጀመር።

አባታቸው ሁለቱንም ማስተማር ቢያቅታቸው ወልደሰንበት ተማረ፤ ቀናው ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ፋብሪካ ጥጥ ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ ታላቁ ስሙን የሚጠራው ሊልከው ሲፈልግ ብቻ ነው። በሠርጉ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ሚዜ አድርጎ ቀናውን ወንበር ሲያስለቅመው ዋለ። ይህን ቀናው እስከ ዛሬ አልረሳም።

ታዲያ በሚያዝያ ነው፤ የጉልበታቸው አጥንት የተበላባቸው ሰዎች እንዴት እንደሚራመዱ የሚያጠኑት ሐኪሞች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ማሽን ከነማሰሪያዋ ለወልደሰንበት ሰጡት። ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ አስሯት ሰባት ቀን ይዋል፤ እርምጃውን እሷው ትመዘግባለች። ከአልጋው ተነስቶ ደጅ እስኪደርስ የሚያቃስተው ሰው ጭንቅ ያዘው። በሩን ዘግቶ ቀናውን ጠራው።

«ካልተራመድኩ ከኦፕሬሽኑ ተራ ይሰርዙኛል። አንተ እሰራትና ተራመድልኝ።»

«በስምህ?»

«ታዲያ በአንተማ ስም ማን ይመዘግባል?»

ቀናው ይቺን ቃል ዋጣት። ማሽኗን አስሮ ወጣና ሰባቱንም ቀን ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ በእልህ ተመላለሰ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የእሱ ነገር ሐኪም ቤት ሊጻፍ ነው፤ በሰው ስምም ቢሆን።

መልሱ ግን እንዳሰቡት አልሆነም። እግርዎ ደህና ነው፣ ኦፕሬሽኑ ለባሰባቸው ይሁን፣ እርስዎ በርትተው ይራመዱ ተባለ። ወልደሰንበት አመዱ ቡን አለ። «አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወንድሜ አይደለህም» አለው።

ይህን የማታውቀው ሚስቱ አሰፋች ደግሞ እልል አለች። እሱ ደጅ ሲወጣ ትከሻዋን ከብብቱ ሥር አስገብታ የምትደግፈው ሴት፣ «ማሽኑ ደህና ነህ ብሏል፣ ስንፍናህን ተው» እያለች ብቻውን ትሰደው ጀመር። የዛሬ አራት ቀንም ብቻውን ሰደደችው። ከከተማ ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ አጠገብ አስፋልቱን ተሻግሮ ሳይጨርስ የአሸዋ መኪና ደረሰበት። ያየ ሰው እንዳወራው፣ መሮጥ ቀርቶ እግሩን ማንሳት አልቻለም።

«እማማ» አለች ማህሌት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት እንደገና የሰጠናቸው ማሽን እዚህ ቀርታለች።»

«አለች፣ ከነካርቶኗ። አላሰራትም።» አሰፋች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ደህና ነው አላችሁኝ እኮ ልጄ! እኔም አምኜ ብቻውን ሰደድኩት። እኔው ነኝ የገደልኩት።»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እንደገና የሰጠናቸውም ግራ ቢገባን ነው። የሚያዝያው እርምጃ የታመመ ጉልበት እርምጃ አይመስልም። የሰው አረማመድ እንደ መልኩ ነው እማማ፣ ይለያል።»

ቀናው ከአግዳሚው ሆኖ ቃሏን ሰማ።

«ቀናው!» አሰፋች ተጣራች። «ያቺን ማሽን ከቁም ሳጥኑ ላይ አምጣላት።»

ከአግዳሚው እስከ ቤቱ በር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን በዚች ልጅ ዓይን ፊት። አረማመድ እንደ መልክ ከሆነ፣ አንዴ በወጉ ከተራመደ አለቀለት፤ እድርተኛው ሁሉ ተቀምጦ በገዛ ወንድሙ ደም ሊጠየቅ ነው። አለመነሳትም አይቻል። ተነሳና ቀኝ እግሩን እንደ እንጨት ገትሮ ጎተተው። ጎበጠ፤ መዳፉን ጭኑ ላይ ተከለ፤ በየሁለት እርምጃው ቆም እያለ አየር ሳበ። ቁርጥ ወልደሰንበት። ዕድሜ ልኩን ከኋላው ሲከተል ሳያውቀው አጥንቶታል።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

«አንተ፣ ምን ነካህ?» አለ ረሻድ።

አሰፋች ግን ከፍራሿ ተነስታ ነጠላዋን መሬት እየጎተተች መጣችና ትከሻዋን ከብብቱ ሥር አስገባች።

«ቀስ» አለችው፣ «ቀስ በል። ከእንግዲህ ብቻህን አልሰድህም።»

ማንን እንደደገፈች ያወቀች አትመስልም። ሁለት እርምጃ ክብደቱን ጥሎባት ሄደ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።  ክንዱን ከትከሻዋ ላይ በዝግታ አነሳ፤ ወገቡን አቀና፤ ወደ ማህሌት ዞሮ የምታየው መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ የቀረውን መንገድ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ማሽኗ በሚያዝያ በመዘገበችው አረማመድ፣ በሁለት ደህና እግሮቹ እስከ በሩ ተራመደ።