የጋብቻ መዝጋቢው ባለቤት

ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጋባ ኖረ። የጋብቻ መዝገብ ጸሐፊ ነው። ወረቀታቸው በእሱ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እንዲጻፍ ብለው ወረፋ የሚቀይሩ ሙሽሮች ነበሩ። የኛን ግን አልጻፈም። አብረን በኖርንበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ።» በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የት ይሄዳል? እኔም ሞኟ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ባለቤቱ» ሲለኝ ወረቀት ያለኝ መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተዘጋ። ሐኪሙ «አንዳንዱ በሽተኛ ያዘወትራት የነበረች አንዲት ቃል ትተርፈዋለች» ሲለኝ፣ ስሜ ትሆናለች ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

ይሄኔ ደጃችንን ረግጣ የማታውቅ እህቱ መጣች። ወደ ቤቷ ልትወስደው ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ባለቤቱ ነኛ!»

«እስቲ ወረቀትሽን አሳዪኝ።»

ሐኪሙም እሷን ደገፈ። ሚስት በወረቀት ከሌለች በሽተኛውን ለማውጣት የሚፈርመው የሥጋ ዘመድ ነው። መኪናው በማግስቱ ጠዋት እንደሚመጣ ተነገረኝ።

እየሮጥኩ ቢሮው ሄድኩ። «ማኅተሜ» የምንለው ባልደረባው፣ እግዜር ይስጠውና፣ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ፣ ምስክሮች አስከትሎ ሆስፒታል ድረስ መጣልኝ።

«እትዬ፣ ፊርማው በአውራ ጣቱ ይሆናል» አለኝ። «ፈቃዱን ግን በአንደበቱ መናገር አለበት። አንዲት 'አዎ' ትበቃኛለች። ራስ መነቅነቅ አይቆጠርም።»

እውነቱን ነው፤ ራሱንማ ለመጋረጃውም ይነቀንቃል።

እህቱ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ማኅተሜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ባሌ ራሱ ስንቱን ሙሽራ የጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀው፤ «ጋሼ፣ እኚህን ሴት በፈቃድዎ ያገባሉ?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ገብቶታል፤ እምላለሁ ገብቶታል። በግራ እጁ እጄን ጨምቆ ያዘኝ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«በል እንጂ፣ የኔ ጌታ» አልኩት። «'አዎ' በል!»

«ነገ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

ማኅተሜ መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። መኪናው የሚመጣውም ነገ ነው።